«አባባ፣ በወጣትነትዎ ምን ይሠሩ ነበር?»

ዛሬ እንደወትሮው «አምስት ምልክቶችና መፍትሔዎቻቸው» ብዬ አልጀምርም። ስለ አንድ በሽታና እኔ ራሴ መጠየቅ ሲገባኝ ስላልጠየቅኩት ጥያቄ ነው የማወራችሁ። ትንሽ ይረዝማል፤ ግን እቤታችሁ በዕድሜ የገፋ አባት ወይም ግንባታ ላይ የሚውል ወንድም ካለ እስከ መጨረሻው አንብቡት። ታሪኩን የምጽፈው በቤተሰቡ ፈቃድ ነው፤ ማንነታቸውን የሚያሳውቁ ነገሮችንም ቀይሬያለሁ።

ባለታሪኩ ወደ ሰባዎቹ የተጠጉ አባት ናቸው። ልጆቻቸውን ያሳደጉት ፒያሳ፣ ዶሮ ማነቂያ ነው። በመጋቢት 2016 ሰፈሩ ለኮሪደር ልማት ሲፈርስ ከነቤተሰባቸው ኮንዶሚኒየም ገቡ። እኔ ጋ የመጡት ከዚያ ወራት ቆይተው ነው። ደረጃ ሲወጡ ትንፋሽ ያጥራቸዋል፣ ቀኝ ጎናቸውን ውግት ያደርጋቸዋል፣ ኮታቸውም ሰፍቷቸዋል። ራጅ ስናነሳ በቀኝ በኩል ውኃ ቋጥሯል። ቀዳንላቸው፤ ከአንድ ሊትር በላይ ወጣ። ወዲያው ቀለል አላቸውና መርቀውኝ ሄዱ። የቲቢ መድኃኒትም ተጀመረላቸው።

ሁለት ወር ሳይሞላ ውኃው ተመለሰ። እንደገና ቀዳን፣ እንደገና ተመለሰ። በሦስተኛው ላይ ቀላ ያለ ነበር። ልጃቸው «ዶክተር፣ የፒያሳ አቧራ እኮ ነው እንዲህ ያደረጋቸው፤ ዕቃችንን እስክናወጣ ድረስ ስንት ቀን አቧራ ውስጥ ከርመዋል» አለችኝ። እውነቱን ለመናገር እኔም ልቤ ወደዚያ አዘንብሎ ነበር።

በመጨረሻ ወደ ውስጥ ደዌ ስፔሻሊስት ላክኳቸውና አብሬያቸው ገባሁ። ስፔሻሊስቱ ወረቀቱን አየት አድርገው የመጀመሪያ ጥያቄያቸው ይህ ሆነ፦ «አባባ፣ በወጣትነትዎ ምን ይሠሩ ነበር?»

«እኔ? ፋብሪካ ነበርኩ። ቦይለር ክፍል። የእንፋሎቱ ቧንቧ ሙቀት እንዳያመልጠው እንደ ጥጥ ያለ ነጭ ነገር እንጠቀልልበት ነበር። ሲያረጅ ደግሞ እየገነጠልን እንጥላለን። ማታ ቤት ስገባ ከወፍጮ ቤት የወጣሁ ነበር የምመስለው» ብለው ሳቅ አሉ።

እኔ ካርዳቸው ላይ ሥራ በሚለው ቦታ የጻፍኩት «ጡረተኛ» የሚል ነበር። ጡረተኛ ደግሞ ሥራ አይደለም።

ከሳንባቸው ሽፋን ናሙና ተወሰደ። የፓቶሎጂ ውጤቱ ሜሶቴሊዮማ የሚል ነበር።

ሜሶቴሊዮማ ምንድን ነው?

ብዙዎቻችሁ ቃሉን ሰምታችሁት ይሆናል። አሜሪካ ዘመድ ያለው ሰው እዚያ ቲቪ ላይ «ሜሶቴሊዮማ ካለብዎት ይደውሉልን» የሚሉ የጠበቆች ማስታወቂያዎችን ሳያይ አይቀርም። እዚያ የካሳ ጉዳይ ነው። እኛ አገር ግን አብዛኛው ሰው ሰምቶት የማያውቅ በሽታ ነው።

ሳንባችን በሁለት ስስ ሽፋኖች የተከበበ ነው። አንዱ ሳንባውን ይለብሳል፣ ሌላው የደረትን ግድግዳ ከውስጥ ይሸፍናል። በመካከላቸው ያለችው ጥቂት ፈሳሽ ስንተነፍስ እንዳይፋተጉ ታደርጋለች። ሜሶቴሊዮማ ከዚህ ሽፋን የሚነሳ ካንሰር ነው። ስለዚህ «የሳንባ ካንሰር» ከምንለው ይለያል። የሆድ ዕቃን፣ አልፎ አልፎም ልብን የሚሸፍነው ስስ ሽፋን ላይ ሊነሳ ይችላል፤ በብዛት የሚታየው ግን በደረት ነው። «ሳንባው ውኃ ቋጠረ» ስንልም ውኃው ያለው ሳንባው ውስጥ ሳይሆን በሁለቱ ሽፋኖች መካከል ነው።

ዋናው መንስኤ አስቤስቶስ ነው። አስቤስቶስ ከመሬት የሚቆፈር ማዕድን ሲሆን ሲፈጭ እንደ ክር ይሰነጣጠቃል። እሳት አይበላውም፣ ሙቀት አያሳልፍም፣ ዋጋውም ርካሽ ነበር። ስለዚህ ዓለም ሁሉ ተጠቀመበት፦ ለቦይለርና ለእንፋሎት ቧንቧ መጠቅለያ፣ ከሲሚንቶ ጋር ተደባልቆ ለጣሪያና ለውኃ ቧንቧ፣ ለመኪና ፍሬን ሸራና ፍሪሲዮን ጭምር። እ.ኤ.አ. በ1901 አንድ ኦስትሪያዊ አስቤስቶስን ከሲሚንቶ ጋር የማደባለቅ ዘዴውን በፓተንት ሲያስመዘግብ ምርቱን «ኢተርኒት» አለው። ዘላለማዊ እንደማለት ነው። ስሙን ያወጣው ለጣሪያው ነበር፤ እውነት የሆነው ግን ለክሩ ነው። ሰውነታችን ውስጥ የገባ የአስቤስቶስ ክር አይሟሟም። በዓይን የማይታየው ክር በትንፋሽ ገብቶ እስከ ሳንባው ሽፋን ይደርሳል። ጠባቂ ሴሎቻችን ሊበሉት ይሞክራሉ፣ ያቅታቸዋል፤ በዚያ ቦታ ቁስለት ለዓመታት ይቀጥላል። ከ20 እስከ 50 ዓመት ባለው ጊዜ ውስጥ በአንዳንዶች ላይ ወደ ካንሰር ይለወጣል።

ይህንን ግንኙነት በግልጽ ካሳዩት ጥናቶች ቀዳሚው የመጣው ከራሳችን አህጉር ነው። እ.ኤ.አ. በ1960 ዋግነር የተባለ ሐኪምና ባልደረቦቹ ከደቡብ አፍሪካ 33 የሜሶቴሊዮማ ሕመምተኞችን መዝግበው አሳተሙ። ከአንዱ በስተቀር ሁሉም ከሰማያዊ አስቤስቶስ ጋር የሚያገናኝ ታሪክ ነበራቸው። ልብ በሉ፣ ሁሉም የማዕድን ሠራተኞች አልነበሩም። ማዕድኑ አካባቢ በመኖር ብቻ የታመሙም ነበሩበት። ከአምስት ዓመት በኋላ ለንደን ውስጥ በተሠራ ጥናት ደግሞ አስቤስቶስ ነክተው የማያውቁ፣ ነገር ግን ከአስቤስቶስ ሠራተኛ ጋር አንድ ቤት ይኖሩ የነበሩ 9 ሰዎች ተገኙ። በአቧራ የተሸፈነውን የሥራ ልብስ ያጥቡ የነበሩ ሚስቶች ከነዚህ ውስጥ ናቸው።

ሲጋራስ? ሜሶቴሊዮማን ሲጋራ አያመጣውም። ነገር ግን አስቤስቶስ የሳንባ ካንሰርንም ያመጣል፤ ሲጋራ ሲጨመርበት ደግሞ የሳንባ ካንሰሩ አደጋ በብዙ እጥፍ ይንራል። እንደ ዓለም ጤና ድርጅት ግምት በሥራ ቦታ ባለ የአስቤስቶስ ተጋላጭነት በየዓመቱ ከ200,000 በላይ ሰዎች ይሞታሉ።

ከቲቢ ጋር ለምን ይምታታል?

ምልክቶቹ እነዚህ ናቸው፦

– ቀስ በቀስ የሚብስ የትንፋሽ ማጠር
– በአንድ በኩል የማይለቅ የደረት ወይም የጎን ሕመም
– ተቀድቶ የሚመለስ ውኃ፣ በተለይ ደም የቀላቀለ ከሆነ
– ክብደት መቀነስ፣ ድካም፣ ሳል
– በሆድ ከሆነ የሆድ ማበጥና ሕመም

አሁን ይህን ዝርዝር ለማንም የአዲስ አበባ ሐኪም ስጡት፤ «ቲቢ» ይላችኋል። አልተሳሳተም። እኛ አገር በደረት ውኃ ለሚመጣ ሰው ቲቢን ቀድሞ ማሰብ ትክክል ነው። ችግሩ ሌላ ቦታ ነው። በሳንባ ሽፋን ቲቢ ላይ ባክቴሪያው ውኃው ውስጥ ብዙ ጊዜ አይገኝም፤ በጂን ኤክስፐርት እንኳን ሊያመልጥ ይችላል። ስለዚህ ብዙ ጊዜ ሕክምና የምንጀምረው በግምት ነው። ግምት ደግሞ መልሶ መታየት አለበት። መድኃኒቱን በትክክል እየወሰደ ውኃው የሚመለስበት፣ ከመወፈር ይልቅ እየከሳ የሚሄድ ሰው «ቲቢው ጠንክሮበት ነው» ተብሎ ብቻ ስድስት ወር መጨረስ የለበትም።

ደግሞም የተቀዳውን ውኃ በማይክሮስኮፕ አይቶ «የካንሰር ሴል የለም» ማለት ሜሶቴሊዮማ የለም ማለት አይደለም። ውኃው ብቻ ብዙ ጊዜ ይሸውዳል። ሲቲ ስካን፣ ከዚያም ከሽፋኑ ራሱ ናሙና ያስፈልጋል። ናሙናውም ከሌሎች ካንሰሮች እንዲለይ ልዩ ማቅለሚያ ይጠይቃል። ይህ ሁሉ ገንዘብና ጊዜ ነው፤ አውቃለሁ። «አባባ፣ ምን ይሠሩ ነበር?» ብሎ መጠየቅ ግን ምንም አያስወጣም። እኔ ያንን ጥያቄ በመጀመሪያው ቀን ጠይቄ ቢሆን ኖሮ በሽታቸው ባይድንም በከንቱ የወሰዱት መድኃኒትና የባከኑት ወራት ይተርፏቸው ነበር።

ሕክምናው

አልዋሻችሁም፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚድን በሽታ አይደለም። ግን «ምንም አይደረግለትም» ማለትም ውሸት ነው።

አንደኛው ትንፋሽን ማስታገስ ነው። ውኃውን መቅዳት፣ እንዳይመለስ ሁለቱን ሽፋኖች በመድኃኒት ማጣበቅ፣ ወይም ቤት ሆኖ የሚቀዳበት ቱቦ ማስገባት ይቻላል። ሁለተኛው ኬሞ ነው። ፔሜትሬክሰድና ሲስፕላቲን የተባሉት ሁለት መድኃኒቶች አብረው ሲሰጡ ዕድሜ እንደሚያራዝሙ እ.ኤ.አ. በ2003 በወጣ ጥናት ታይቷል፤ የመካከለኛው የመኖሪያ ጊዜ ሲስፕላቲን ብቻ ከወሰዱት 9 ወር ወደ 12 ወር ከፍ ብሏል። ሦስተኛው የሰውነትን የራሱን መከላከያ የሚያነቃቁት መድኃኒቶች ናቸው። ኒቮሉማብና ኢፒሊሙማብ የተባሉት ጥምረት አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2020 ተፈቅዷል፤ በጥናቱ የኬሞው ቡድን መካከለኛ ዕድሜ 14 ወር ሲሆን የእነዚህኛው 18 ወር ነበር። ዋጋቸው ግን ለአብዛኛው የእኛ ሕመምተኛ የሚቀመስ አይደለም። ትልቁ ቀዶ ሕክምና የሚጠቅመው ለጥቂቶች ነው፤ በቅርቡ የወጣ አንድ ትልቅ ጥናት እንዲያውም ከጥቅሙ ጉዳቱ እንደሚያመዝን አሳይቷል። ስለዚህ «ውጭ ሄዶ ካልተቀደደ» ብላችሁ ቤት ከመሸጣችሁ በፊት የካንሰር ስፔሻሊስት አማክሩ።

አራተኛው ደግሞ እኛ የምንንቀው ነው፦ ሕመምን በበቂ መጠን ማስታገስ። ሞርፊን የሱስ ዕቃ ሳይሆን መድኃኒት ነው። የጎኑ ሕመም እንቅልፍ ለሚነሳው ሰው «ቻለው» አይባልም። ባለታሪኬ ኬሞውን ጀምረው አልቻሉትም። የመጨረሻ ወራቸውን ያሳለፉት በሞርፊን ነው፤ ቤታቸው፣ ልጆቻቸው መሀል። ለቅሶ ስደርስ ልጃቸው «ቢያንስ ሳይጮሁ ነው የሄዱት» አለችኝ።

ታዲያ የፒያሳው አቧራስ?

የልጅቷን ጥያቄ አልረሳሁትም። መልሱ ሁለት ነው።

የመጀመሪያው፦ አይደለም፣ አባትሽን የገደለው የ2016ቱ አቧራ አይደለም። ሜሶቴሊዮማ በወራት አይመጣም። በፈረሳው ሰሞን ያሳለን፣ ዓይናችንን ያቃጠለን፣ አስማችንን ያስነሳብን ተራ አቧራ ነው። እሳቸውን የጎዳቸው ከዐርባ ዓመት በፊት ቦይለር ክፍል ውስጥ የተነፈሱት ነው።

ሁለተኛው መልስ ግን እንቅልፍ ይነሳኛል። የዛሬ አቧራ ዋጋ የሚከፈለው በ2046 እና በ2056 ነው። በፍርስራሽ ላይ ኳስ የሚጫወት የስድስት ዓመት ልጅ ያኔ የልጆች አባት ይሆናል። ከዚያ ሳንባው ውኃ ቢቋጥር «የት ሰፈር ነው ያደግከው?» የሚለው ማነው?

እንዳትደነግጡ። የድሮ ፒያሳ ቤቶች አብዛኞቹ የጭቃ፣ የእንጨት፣ የድንጋይና የቆርቆሮ ናቸው። ተራው ቆርቆሮ አስቤስቶስ የለበትም፤ ጭቃም የለበትም። ጥያቄ መነሳት ያለበት አስቤስቶስ በዓለም ላይ በገፍ ይሸጥ በነበረበት ዘመን ስለተሠሩ ሕንፃዎች ነው፦ ግራጫ፣ ወፈር ያለ፣ ሞገድ ያለው፣ ሲመታ እንደ ቆርቆሮ የማይጎብጥ ይልቁንም እንደ ሸክላ የሚሰበር ጣሪያ ስላላቸው፤ የቦይለር ክፍል፣ አሮጌ የሲሚንቶ ቧንቧ ወይም የድሮ ኮርኒስ ስላላቸው። በዓይን አይቶ «ነው» ወይም «አይደለም» ማለት አይቻልም፤ ናሙናው ላቦራቶሪ ውስጥ በማይክሮስኮፕ መታየት አለበት።

ፒያሳ ስሟን ከጣሊያንኛ ነው የወሰደችው። እዚያው ጣሊያን ካሳሌ ሞንፌራቶ የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። የኢተርኒት ፋብሪካዋ እ.ኤ.አ. በ1986 ተዘጋ፤ አገሪቱም በ1992 አስቤስቶስን ከለከለች። ፋብሪካው ከተዘጋ ከአሥርት ዓመታት በኋላም የከተማዋ ሰዎች በሜሶቴሊዮማ መሞታቸው አልቆመም፤ ፋብሪካውን ረግጠው የማያውቁ ጭምር። ደቡብ አፍሪካ በ2008 ከልክላለች። አሜሪካ ደግሞ እስካሁን ሲገባ የነበረውን ነጩን አስቤስቶስ የከለከለችው እ.ኤ.አ. በመጋቢት 2024 ነው፤ ፒያሳ እየፈረሰች በነበረበት በዚያው ወር። ዛሬ ከ50 በላይ አገራት ከልክለውታል።

እኔ የልማት ተቃዋሚ አይደለሁም። ዶሮ ማነቂያ ለስንት ሰው የጋራ መጸዳጃ ቤት ይጋሩ እንደነበር ታካሚዎቼ ነግረውኛል፤ የተሻለ ቤት ይገባቸዋል። ክርክሬ ስለ መፍረሱ ሳይሆን ስለ አፈራረሱ ነው። አሮጌ ሕንፃ ከመነካቱ በፊት መብራትና ውኃ እንደሚቆረጠው ሁሉ «አስቤስቶስ አለው ወይ?» የሚል ምርመራም የሥራው አካል መሆን አለበት። ከተገኘም መጀመሪያ ሳይሰበር፣ በውኃ እየራሰ፣ በሠለጠነ ሰው ወጥቶ በድርብ ፕላስቲክ ታሽጎ ለብቻው ይወገድ። ሕጉ እኮ አለ። የአደገኛ ቆሻሻ አያያዝና አወጋገድ ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1090 በ2010 ወጥቷል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ም የሠራተኛን ደኅንነት የአሠሪው ግዴታ ያደርገዋል። የጎደለን የቀን ሠራተኛው ጋ የሚደርስ ሰው ነው። በአንድ ቀን አበል ለሚኖር፣ አፉን በነጠላ ሸፍኖ ዶማ ለሚይዝ ልጅ አዋጅ ቁጥር ማንበብ አይጠበቅበትም፤ ማስኩን ማቅረብ ያለበት አሠሪው ነው።

እናንተስ ምን ታደርጋላችሁ?

– የቤታችሁ ወይም የግቢያችሁ ጣሪያ ግራጫና ወፍራም የሲሚንቶ ዓይነት ከሆነና ደኅና ከሆነ አትንኩት። ተቀምጦ ያለ ጣሪያ ብዙም አይጎዳም፤ አደጋው መቁረጥ፣ መብሳት፣ በሽቦ ብሩሽ መፋቅና መስበር ነው።
– ከፈረሳ የተገኘ እንዲህ ያለ ክፋይ ገዝታችሁ ለዶሮ ቤት፣ ለአጥር ወይም ለማድቤት አትጠቀሙበት። ለቆራሌውም ንገሩት፤ እሱም ሳንባ አለው።
– ፍርስራሽ ልጆች መጫወቻ አይደለም። አቧራ ውኃ ረጭታችሁ በእርጥብ ጨርቅ አንሱ እንጂ በደረቅ መጥረጊያ አታጭሱት።
– የጨርቅና የሰማያዊው የሐኪም ማስክ ለዚህ አይሠራም። ኤን 95 ለተራ የግንባታ አቧራ ይረዳል፤ ለአስቤስቶስ ግን ከዚያ የጠበቀ ኤፍ ኤፍ ፒ 3 ማስክና የሠለጠነ ሰው ይፈልጋል።
– ጋራዥ የምትሠሩ ወንድሞች፣ የፍሬን አቧራ በኮምፕሬሰር አትንፉ፤ በእርጥብ ጨርቅ ጥረጉት።
– የሥራ ልብስ እዚያው ይቀየር። እናትና እህት ቤት ውስጥ አራግፈው እንዳያጥቡት።
– ድሮ አስቤስቶስ የነካ ሰው ሁሉ ይታመማል ማለት አይደለም፤ አብዛኛው አይታመምም። ግን ሲጋራ ያቁም፤ ትንፋሽ ማጠር ወይም የጎን ሕመም ካለው ሳይውል ሳያድር ይታይ።

አንድ የቤት ሥራም ልስጣችሁ። ዛሬ ማታ አባታችሁን፣ አጎታችሁን፣ ጎረቤት ያሉትን ጋሼን «በወጣትነትዎ ምን ይሠሩ ነበር?» ብላችሁ ጠይቁ። ቦይለር፣ ባቡር፣ ወደብ፣ መርከብ፣ ግንባታ፣ የቧንቧ ሥራ፣ ጋራዥ... መልሱን በስልካችሁ መዝግቡት። ሐኪም ጋ ስትሄዱ ሐኪሙ ባይጠይቅ እንኳን እናንተ ንገሩት። እኛ ሐኪሞች ወረፋው ረዝሞብን፣ ደክሞን፣ «ጡረተኛ» ብለን እናልፋለን። እኔ አልፌያለሁ።

ለሙያ ባልደረቦቼም አንድ ነገር፦ የሥራ ታሪክ ካርዱ ላይ ያለች አንድ መስመር ናት። ባዶዋን አንተዋት።

ጽሑፉ ለግንዛቤ እንጂ ምርመራ የሚተካ አይደለም። ግንባታ ላይ ለሚውል ወዳጃችሁ ሼር አድርጉለት። ጥያቄ ካላችሁ ኮመንት ላይ ጻፉልኝ፤ የምችለውን እመልሳለሁ።